አጭሩ ካንዴላ

እንጅባራ ላይ ወታደሮች የያዙኝ መኪና ሥር ተኝቼ ስሠራ ነው። እግሬን ይዘው ጎትተው አወጡኝ፤ ቀና ሳልል በሰደፍ ማጅራቴን አሉኝ። ያጎሩን ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ የሲሚንቶው ብርድ ኩላሊት ይበላል። በጎናችን ተደርድረን ነበር የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል።

በአራተኛው ቀን ጧት አንድ ሽማግሌ ወረወሩብን። የዚያው ግቢ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። መኪናዋ አልነሳ ብትል "ሆን ብለህ አበላሸሃት" ተብለው ነው። ውስጥ እግራቸው በኤሌክትሪክ ገመድ ተተልትሏል። ሲገርፏቸው እናታቸውን በአገውኛ ሲጠሩ፣ ገራፊው ደግሞ "በአማርኛ ጩህ!" ሲል ከግድግዳው ወዲያ ሰምተናል። እስከ ማታ ካላመኑ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወስዷቸው ነግረዋቸዋል። ከዚያ ቦታ የተመለሰ ሰው አናውቅም።

"ጋሼ፣ መኪናዋን ምን ነክተዋት ነበር?" አልኳቸው።

"ካንዴላ ቀየርን። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለች።"

"ካንዴላውን ማን ገዛው?"

"አዛዡ ራሱ፣ ከጫግኒ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ ግን አልሰማህም፣ ልጄ።"

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። በሩን ደብድቤ መካኒክ መሆኔን ተናገርኩ። በሁለት ወታደር አጅበው አወጡኝ፤ ሽማግሌውንም እየጎተቱ አመጧቸው።

አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈታሁት፤ በጥላሸት ጠቁሮ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ችኩል መካኒክ ቢሆን ቤንዚን በዝቷል ብሎ ካርቡራተሩን ይበታትን ነበር። "አሮጌዎቹስ?" ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። የዱሮ ሾፌር ዕቃ አይጥልም፤ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋቸዋል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ወደ ሞተሩ የሚገባው የአዲሱ ጥርስ በአንድ ጥፍር ያህል ያጥራል። እሳቱ ቤንዚኑ ጋ ሳይደርስ ካንዴላው የሚታሰርበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

አሮጌዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፤ ክፍተታቸውን በብረት መጋዝ ምላጭ ለክቼ መለስኳቸው። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ወይ ጉድ! የት እንዳለሁ ረስቼ ደስ አለኝ።

አዛዡ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ በእኔ ስም፣ ሾፌሩ ሆን ብሎ ማበላሸቱን መርምሬ አረጋግጫለሁ ይላል።

"ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

"ካንዴላው አጭር ነው፣ ጌታዬ" አልኩት። "ለዚች መኪና አይሆንም።"

ማን እንደገዛው አልጨመርኩም። ወታደሮቹ ግን ዞረው እሱን አዩት።

ቀኝ እጄን ሞተሩ ላይ አስያዘና የካንዴላ መፍቻውን አነሳ። የመጀመሪያው ጣቴ ሲሰበር የጮህኩት እኔ አልመሰለኝም።

"አሁንስ?"

"አጭር ነው።"

ሁለተኛውን ደገመው። "ፈርም ልጄ!" አሉ ሽማግሌው እያለቀሱ። "እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ፣ ስለ እግዜር ፈርም!"

ፈርቼ ነበር፤ ሱሪዬ ረጥቧል። ቢሆንም "አጭር ነው" አልኩ። ሦስተኛው ከተሰበረ በኋላ እስክሪብቶ የምይዝበት እጅ አልነበረኝም። ወረቀቱን ቀዳዶ ፊቴ ላይ በተነው።

ያን ማታ ሽማግሌውን ሊወስዷቸው አልመጡም። እሳቸውም ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው ጣቶቼን ሲያስሩልኝ አደሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈቱ፤ እኔ አራት ወር ቆየሁ።

ዛሬ ዳንግላ ጋራዥ አለኝ፤ መፍቻ ግን አልይዝም። ሰዎች ጀግና ይሉኛል። አይደለሁም። ክረምት ላይ እጄን ሲቆረጥመኝ ምነው በፈረምኩ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሽማግሌው አምና በቤታቸው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው አረፉ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ አፈር ሲያለብሳቸው እኔም ቀረብኩና በግራ እጄ አለበስኳቸው።