አያቴ በግ የሆኑበት ኅዳር

ልጆቼን ሳሳድግ የማልደራደርበት ነገር ልቅሶ መድረስ ነው። ፈተና አለብኝ፣ ብርድ ነው፣ ሟቹን አላውቀውም የሚል ሰበብ በቤቴ አይሠራም። ልቅሶ የሚቀር ሰው ቀባሪ ያጣል እላቸዋለሁ። የዕድራችንም ዳኛ ስለሆንኩ፣ የቀረን ሰው በጉባኤ የምገሥጸው እኔ ነኝ።

ለዚህ ትምህርቴ ምሳሌ የማደርገው 1911 ዓ.ም.ን ነበር። የኅዳር በሽታ ገብቶ ጠዋት የቀበረው ማታ በሚቀበርበት በዚያ ዓመት፣ አያቴ አንድ ልቅሶ ሳይቀሩ ከቀብር ወደ ቀብር ሲሮጡ ከረሙ እላለሁ። አባቴ የነገሩኝ ግን «አባቴ ከዚያ በሽታ ተረፉ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀሪውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ጥረት ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝና፣ ያነበብኩትና ያሰብኩት አንዳንዴ ይቀላቀልብኛል።

አምና የታናሿ ልጄ የታሪክ መምህር፣ ስለዚያ ዓመት ከቤተሰብ ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ወላጆች ባሉበትም ታነባላችሁ ብለው አዘዙ። ልጄ የእኔን ቃል ሁለት ገጽ አድርጋ ጻፈችው። ምስክር ይጨመርበት ብዬ ዘመሮ ከተማ ወደሚኖሩት አክስቴ ወሰድኳት። አክስቴ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናቸው።

ልጄ «ከቀብር ወደ ቀብር» የሚለው ላይ ስትደርስ አክስቴ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸውና ውሃ ሰጠናቸው።

«አንተ፣» አሉኝ ጉሮሯቸው ሲከፈት፣ «አባቴ እኮ ያን ኅዳር በግ ነበሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ የመጀመሪያው መርዶ መንደር ሲገባ በሷቸውን ይዘው ጓሳ ወደሚባለው የጋራ የሳር ሜዳ ሄዱና ረጅሙ ሳር ውስጥ ተደበቁ። ዘመዶች ለልቅሶ ሊወስዷቸው ፍለጋ ሲወጡ ሳሩ ተንቀሳቀሰ። አያቴ እንደ በግ ጮኹ። ፈላጊዎቹ በግ ነው ብለው ተመለሱ። ዘዴው ሁለት ቀን ሠራ።

አያቴ የረሱት ነገር ጓሳ ያኔ ዝግ መሆኑን ነው። ሳሩ እስኪከፈት ከብት አይገባበትም፣ የገባም ይያዝና ባለቤቱ ይቀጣል። ፈላጊዎቹ በመንገዳቸው ለጠባቂው በግ ገብቶብሃል ብለውት ሄዱ። ጠባቂው ገመዱን ይዞ መጣ። አያቴ እሱንም ልቅሶ ጠሪ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሳሩን ገለጥ ሲያደርግ ጋቢ የለበሰ ጢማም ሰው አገኘ።

«ምን አላቸው?» አለች ልጄ።

«‹ባለቤትህ ማነው?› አላቸዋ። ደንቡ እንደዚያ ነው» አሉ አክስቴ።

ጠባቂውም መንደር መግባት ፈርቶ ስለነበር፣ በሶውን ተካፍለው ኅዳርን አብረው ጨረሱ።

ወደ ከተማችን መሐል ሜዳ ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄን ለመንኳት። ለጸሎት ሱባኤ ገብተው ነበር ብትይስ አልኳት። ከሚሰሙት ወላጆች ግማሹ የዕድራችን አባላት ናቸው፤ ይህን ከሰሙ ማን ይፈራኛል?

«አባዬ፣ ውሸት ልቅሶ ከመቅረት ይብሳል ያልከው አንተ ነህ» አለችኝ። ብዬ ነበር።

በዕለቱ እውነቱን አነበበች። ማንበብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጩኸቱን ራሱን ጮኸችው፣ በጣምም ቻለችበት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባለፈው ወር ልቅሶ ቀርቶ የገሠጽኩት ጎረቤታችን ከኋላ ተነሣ።

«የእኛ ዳኛ፣» አለ፣ «የኔ ተግሣጽ አይነሣም?»

እኔም ተነሣሁ። ልጄ ያነበበችው እውነት ነው፣ ቀድሞ የማወራውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ አልኩ። አያቴ ያን ኅዳር ልቅሶ ቢደርሱ ኖሮ እኔም አልወለድም፣ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላፍርም ነበር ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ።

«እሳቸው የሸሹት ወረርሽኝ ነው። አንተ የሸሸኸው ብርድ ነው።»

ተግሣጹ አልተነሣም። ስለ ልቅሶ ለልጆቼ የምሰጠው ትምህርት ግን ከዚያ ወዲህ በጣም አጥሯል።