ነርሷን ያልጠራሁበት ከሰዓት

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም የምጽፈው ስሜን ስለማታውቁት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቀወት ውስጥ ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጉንጩ ውስጥ የወጣችውን ቁስል የጥርስ ሕመም ነው እያለ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሸዋ ሮቢት ስናሳየው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ካንሰር ነው ተባለ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። የታመመውን ጉንጭ ከመንጋጋው ከፊል ጋር ያወጡታል። ክፍተቱን ለመሸፈን ከደረቱ ላይ ጡንቻ ከነቆዳው ያነሱና፣ ደም የሚያመጣለትን ሥር ሳይቆርጡ፣ በአንገቱ ቆዳ ሥር አሳልፈው ጉንጩ ላይ ይሰፉታል። ሰይድ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "አላህ ካለ ይይዛል" አለ።

ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ ፊቱ አብጦ ነበር። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ስለሆነ መናገር አይችልም። ነርሷ ጉንጩ ላይ የተሰፋውን ቆዳ አሳየችኝ።

"እኛም እየተመላለስን እናያለን፤ አንቺ ግን አጠገቡ ነሽ። ከጠቆረ ወይ ከቀዘቀዘ ቶሎ ጥሪኝ" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሰይድን ገና ደህና እንቅልፍ ወሰደው። ጉንጩን ሳይ የቆዳው ጠርዝ ወይን ጠጅ መስሏል። የመጋረጃው ጥላ ነው አልኩ። በእጄ ስነካው ቀዘቀዘኝ፤ የእኔ እጅ ይሆናል አልኩ። ጠዋት በከንቱ ጠርቻት ስለነበር ደግሜ ለማስቸገር አፈርኩ። መጥታ ደም መድረሱን ለማየት ቆዳውን በመርፌ ወግታ የምትቀሰቅሰውም መሰለኝ፤ ለእንቅልፉ ሳሳሁ። ሳልጠራት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ ነርሷ ራሷ መጥታ ጉንጩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"አሁን ነው ያየሁት" አልኩ።

መልሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት፤ ግን ደሙ ረግቶ ሥጋው ሞቷል። ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ ምናልባት እናተርፈው ነበር አለ ሐኪሙ። የሞተውን አወጡት። ትንሽ ሲያገግም ከጀርባው ሌላ ወስደው ሊሞክሩለት ነበር፤ ከዚያ በፊት በሽታው አንገቱ ላይ ተመልሶ ወጣ። ቤቱ ወስጄ እንዳስታምመው ነገሩኝ።

አሁን ቀወት ነን። ምግቡን በቱቦ እሰጠዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ክፍቱን ጉንጩን አጥቤ ጋዙን እቀይርለታለሁ። መናገር ስለማይችል ደብተር ላይ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ጽፎ ሰጠኝ፦ "አንቺ ባትኖሪ እስካሁንም አልቆይም ነበር። አላህ ይውደድሽ።"

አንብቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሳይሞት ልንገረው እላለሁ። ብነግረው እኔንም ያጣል፤ ከእኔ ሌላ የቀረው ሰው የለም። ካልነገርኩት ደግሞ እያመሰገነኝ ሊሞት ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።