ረቡዕ «እንብላ» ያልኩት ቱና

ላድን ያሰብኩት ሁለት መቶ ብር ነበር። ሰመራ ምግብ ቤት ገብቼ ከምከፍል ብዬ አንድ ጣሳ ቱና ከፈትኩ፤ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላልቼ ከፓስታ ጋር ለወስኩት። ልጎርስ ስል ጎረቤቴ መምህሩ ብቅ አለ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እሱ ደግሞ ጾም አይገድፍም። ስለዚህ ያለ ስጋት «ና እንብላ» አልኩት።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዓሣ ነው። አንተ እንኳ ጾመኛ ነህ።»

«ዓሣማ እኛ አገር በጾምም ይበላል» ብሎ እጁን ታጠበ። ፓስታውን ወደ እኔ እየገፋ ቱናውን ለቀመው።

ጨርሶ አፉን ሲጠርግ «ውይ፣ ረስቼው» አለ። «ባለቤቴ በያይነት ሠርታ ‹ጋሼን ለእራት ጥራቸው› ብላ ልካኝ ነበር። አሁንማ በልተናል፤ ለነገ ምሳ ይሆነኛል።»

ኪሳራዬ አንድ ቱናና አንድ ግብዣ፤ ትርፌ ጣሳው ሥር የቀረው ዘይት።