የእናቶቻችንን ጌጥ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ያነሱልን ጋሽ ይመር

በመርሳ ከተማ በአስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ከፍተው የኖሩት አቶ ይመር ፈንታው፣ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ወልድያ ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው ከፎቶ ቤታቸው ግድግዳ ተጎራብቼ ልብስ ስሰፋ የኖርኩት ጦይባ ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምነሽ «ሥራቸውን በቅርብ ያየሽ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ጻፊልን» ስላሉኝ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር ብዕር የማነሳ ሰው አልነበርኩም።

ጋሽ ይመር ፎቶ ማንሳትን የተማሩት በውትድርና ነው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ አሮጌ ካሜራ ይዘው መርሳ ገቡ። እንደማንኛውም ፎቶ አንሺ ጉርድ ፎቶና የሠርግ ፎቶ ያነሱ ነበር። በዙሪያችን ያለው የሀብሩ ወረዳ ገጠር የሚያስታውሳቸው ግን በሌላ ሥራ ነው። ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር መሄድ ሲያበዙ፣ ብዙ እናቶች የመንገዱን ወጪ የሚሸፍኑት ከእናትና ከአያት የወረሱትን የብር ጌጥ ሸጠው ነበር። የአንገት ድሪው፣ የእግር አልቦው፣ የእጅ አምባሩ በሻሽ ተቋጥሮ ወልድያ ይሄዳል። ነጋዴው ይገዛዋል፤ አብዛኛውም ይቀልጣል።

አንድ ቀን እማማ ሐዋ የሚባሉ ሴት ድሪያቸውን ይዘው ወደ ፎቶ ቤቱ ገቡ።

«ነገ ልሸጠው ነው። መልኩ እንኳ ይቀመጥልኝ» አሏቸው።

ጋሽ ይመር ድሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በፍላሽ አነሱት። ፊልሙ የሚታጠበው ደሴ ስለነበር ፎቶው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። በድሪው ቦታ የሚታየው ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ነበር። እማማ ሐዋ ፎቶውን አገላብጠው አዩትና «የቱ ጋ ነው ድሪው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ይመር የፍላሹ ብርሃን ብሩ ላይ አርፎ እንደተመለሰ አስረዷቸው። በማግስቱ ወልድያ ሄደው ነጋዴውን ፈልገው አገኙት። ድሪው ቀልጧል።

ከዚያ በኋላ ነው ባዶ የቴሌቪዥን ካርቶን ተሸክመው ወደ እኔ የመጡት።

«ጦይባ፣ ስስ ነጭ ጨርቅ አለሽ?»

የካርቶኑን ግራና ቀኝ፣ ላይኛውንም በኩል እንደ መስኮት ቀደዱት። እኔ መስኮቶቹን በጨርቅ ሸፈንኩ። ውስጡ ነጭ ወረቀት አነጠፉና ከውጭ በግራና በቀኝ አምፖል አቆሙ፤ ብርሃኑ በጨርቁ ተጣርቶ ጌጡ ላይ ለስለስ ብሎ እንዲያርፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ካርቶኑን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያወጡት ነበር። መሞከሪያው የእኔ አምባር ሆነ። መጀመሪያ የወጣው ፎቶ ላይ አምባሩ ላይ የጋሽ ይመር ጥቁር ሹራብ ተንጸባርቆ ይታያል። የካርቶኑን ፊትም በነጭ ጨርቅ ጋረድነውና ለካሜራው ቀዳዳ ብቻ ተውንለት። «ብር ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያወራል፤ እኛ ነጭ ነጩን እናሳየው» ይሉ ነበር።

ብዙ ፊልም ተበላሽቶ በመጨረሻ ተሳካላቸው። የሠሪው የእጅ ጭረት እንኳ ሳይቀር ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚመጡት ሴቶች ሁሉ «ፎቶው ታጥቦ ሳይመጣ እንዳትሸጪ» ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ ለእኔ ብቻ «ምናልባት በዚያች ሳምንት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብዬ ነው» አሉኝ። ሐሳቧን የለወጠች አንዲትም ሴት አላየሁም።

እኔም ራሴ አልለወጥኩም። ታናሽ እኅቴ ዘምዘም ልትሄድ ስትነሳ የእናታችንን አልቦ ይዤ ገባሁ። ጋሽ ይመር ያን ቀን ከወትሮው ረጅም ጊዜ ወሰዱ፤ አልቦውን ደጋግመው በጨርቅ ወለወሉት።

«ዘምዘም ብትቆይ አይሻልም?» አሉኝ።

«እምቢ አለች፣ ጋሽ ይመር። ከእንግዲህ ምን ላድርግ?»

አልቦውን ካርቶኑ ውስጥ አስገብተው አነሱት። ዘምዘም ፎቶውን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። ሁለት ጊዜ ደወለች። ሦስተኛውን ስንጠብቅ ወራት አለፉ። ጋሽ ይመር በየጠዋቱ ሱቃቸውን ሲከፍቱ «ደወለች?» ይሉኝ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተዉት። ሻይ ያስመጡና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠው ይጠጣሉ። እስከ ዛሬ አልደወለችም።

የወልድያው ሐኪም ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ባለን ቀን ወይዘሮ አለምነሽ እጄን ይዘው «ምን ይሻላል ጦይባ?» አሉኝ። ጋሽ ይመር የተኙ መስሎን ነበር፤ ግን ነቅተዋል።

«ያን ሁሉ ጌጥ ሳነሳ አንዲት ልጅ እንኳ ከመሄድ አላስቀረሁም» አሉኝ።

እንደዚያ አይደለም ልላቸው ፈለግሁ። ግን እውነታቸውን ነበር። የአልጋውን አንሶላ ሳስተካክል ቆየሁ።

ጋሽ ይመር፣ ትናንት አንዲት ሴት ከሲሪንቃ መጣች። ጉትቻ በሻሽ ቋጥራለች። በርዎ ዝግ ቢሆንባት ወደ እኔ ዞረች። ዐርፈዋል አልኳት። «ነፍሳቸውን ይማር» አለችና ትንሽ ቆማ «ታዲያ ማን ያነሳልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር፤ ካሜራዎን ግን አልችልበትም። ቁጭ በይ አልኳት፤ አልቀመጠችም። የወልድያው ሚኒባስ ሲመጣ እጇን ዘርግታ አስቆመችና ሄደች። እንዳትሸጪ አላልኳትም፣ ጋሽ ይመር። አቃተኝ። አፈሩ ይቅለልዎ።