ካቦውን «በሕግ አምላክ» ብዬ ያስቆምኩ ዕለት

ባሌ ከግንባታ ላይ በወደቀ በአራተኛው ቀን ጠዋት... ኮቱንና ቱንቢውን ላመጣለት ወደ ሥራ ቦታው ወጣሁ። ዕቃውን ይዤ ልመለስ እንጂ ሰው ላስቆም አስቤ አልነበረም።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ እኔ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። የምንኖረው የካ፣ ከዳገቱ ሥር ነበር። ባሌ ደቻሳ ግንበኛ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ሲገነባ ይውላል። የቆመበት የመወጣጫ አጣና ተሰብሮ ከላይ ወደቀና ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወጌሻው አይቶት «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፤ ሆስፒታል ካልገባ እግሩን አያገኘውም» አለን።

በምን አቅማችን? ሽማግሌ ወደ ካቦው ላክን። ሠራተኛ የሚቀጥረውም፣ የሚከፍለውም፣ የሚያባርረውም እሱ ነው። «ደቻሳ የዚያን ቀን ሥራ አልገባም፤ የት እንደወደቀ እሱ ያውቃል» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። አብረውት የሚሠሩትም እንጀራቸው ነውና ዝም አሉ። ደቻሳ ራሱ «ተይው፣ ከሰው አታጣዪኝ» ይለኛል። እኔ ግን ንድድ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሌላው መወጣጫ ሁሉ እንዳለ ቆሞ ደቻሳ የወደቀበትን ብቻ እየፈቱት ነው። ካቦው መሰላል ላይ ሆኖ «የተሰበረውን አጣና ቶሎ አንሱልኝ» ይላል።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም... «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ማንም እንዳይነቃነቅ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጆች፣ ያን ጊዜ ይሄ ቃል ቀልድ አልነበረም። እየሰማ የተነቃነቀ ሰው ኋላ ተጠያቂው እሱ ነው። ሁሉም ደርቆ ቀረ። ሁለት ሰዎች የተቦካ ሲሚንቶ በባሬላ እንደተሸከሙ ቆሙ። ካቦው አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ... ከላይ ከካራ መንደር እህል ጭነው የሚወርዱ አባባ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ እንኳ መንገዱ ላይ ቀጥ አሉ። ሕጉን ያላከበሩት አህዮቻቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ጸጥ። እኔም ጸጥ። ለካ ቀጥሎ የሚባለውን አላውቀውም! አባቴ በዚህ ቃል ሰው ሲያስቆም አይቻለሁ፤ ካስቆመ በኋላ ምን እንደሚል ግን ልብ ብዬ ሰምቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ቆመናል... ቀጥሎስ?» አለ ካቦው።

«እ... አጣናው አይነካም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሲሚንቶው ደረቀብኝ እኮ!»

«ይድረቅ!»

ይሄኔ ካቦው ጦፈ። «እኔ ነኝ እንዴ የገፋሁት? ባልሽ ከዚህ የወደቀው በገዛ ጥፋቱ ነው! ዳር ዳሩን አትሂድ ብዬ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነግሬዋለሁ!»

ቅስሜ ስብር አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባሌን ጥፋተኛ አደረገው። ኮቱንና ቱንቢውን አቅፌ እያለቀስኩ ቁልቁል ወረድኩ። አጣናውንም ዞር ከማለቴ ሳያነሱት አልቀሩም።

በማግስቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አቶ ሰይፉ የሚባሉ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ የሚሰማኝ ሰው ቸግሮኝ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ካቦው ያለውን ስነግራቸው ግን አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

አቶ ሰይፉ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከዚህ ነው የወደቀው አለ? ሰው እየሰማ?»

«አዎ ጌታዬ... ግን በራሱ ጥፋት ነው አለ።»

«ጥፋቱን ተይው፣ የኔ ልጅ። አዲሱ ሕግ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሳለ ከተጎዳ፣ አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው ይላል። ሰውዬው የካደሽ ሥራ አልገባም ብሎ አልነበረም? ይኸው፣ ሥራ ላይ እንደነበረ ራሱ ጮሆ መሰከረልሽ!»

ሌሊቱን ሁሉ ያስለቀሰኝ ነገር ነው እንግዲህ እንዲህ የሆነው። ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ቁጭ በይ፣ ገና አልጻፍኩም» አሉኝ።

ምስክር ፍለጋ ካራ ድረስ ሄጄ አባባ ገመቹን ለመንኳቸው። «በሕግ ተጠርቼ ቆሜያለሁ፤ የሰማሁትን እናገራለሁ» አሉ። እሳቸው እንደሚመሰክሩ ሲሰሙ ባሬላ የያዙት ሁለቱም ደፍረው መጡ።

ችሎት ላይ ዳኛው ካቦውን «ከዚህ ነው የወደቀው ብለሃል ወይ?» ብለው ጠየቁት።

«ብያለሁ ጌታዬ... ግን እኮ ጥፋቱ የእሱ ነው ለማለት ነው!»

ዳኛው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ጻፉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ሰውዬው ይታከም ተባለና ደቻሳ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገባ። ኋላም ደቻሳ እስኪድን ድረስ አሠሪው እንዲያሳክመውና እንዲደግፈው ተፈረደ። ከወራት በኋላ ደቻሳ ትንሽ እያነከሰ፣ ግን በገዛ እግሩ፣ የካን ዳገት ወጥቶ ቤት ገባ።

ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን እኔ ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር የያዘውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ይቆምና «እሺ፣ ቆሜያለሁ... ቀጥሎስ?» ይለኝ ነበር።

በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የሚያሾፍብኝ... በምን አንጀቴ ልቆጣው!