ዶልፊኗና ቢጫዋ ወፍ

የያዙኝ አዳማ ውስጥ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። የእስር ቤቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብ ሽታ ነበር። አየር የሚገባው ከላይ ባለች፣ ሽቦ በተወጠረባት አንዲት መስኮት ብቻ ነው። ሽቦው ላይ ትንሽ ቢጫ ወፍ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ስንት ዛፍ እያለ እዚህ ምን ጎለታት ብዬ ተናደድኩባት።

እስረኛው የመረጠው የክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ የወንጂ ስኳር ሠራተኛ ነበር። ከምሳ በኋላ እንደ ተማሪ ቤት ያከራክረናል፦ ከእሳትና ከውሃ የቱ ይበልጣል፣ ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል እያለ። ያሸነፈ መስኮቷ ሥር ይተኛል።

ያቺ ቦታ የምትገባው ግን ለአንድ ሰው ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከብ ላይ የሠሩ አስም ያለባቸው ሽማግሌ በሩ ሥር ይተኛሉ። ቦታ ልልቀቅልዎ ያላቸውን ሁሉ "እኔ ታዝኖልኝ አልተኛም" ብለው ይመልሱታል።

አንድ ቀን "ዛሬ እኔ ልከራከር። ትንሿ ዶልፊንና ይቺ ወፍ" አሉ።

"ጋሼ፣ ዶልፊን እኮ ታክሲ ነው! ሞጆ የሚጭነው!" አለ አንዱ። እሳቸውም አብረውን ሳቁ።

ወፏ ለእኔ ደረሰችኝ። ጠጋ ብለው "አውቀህ ብትሸነፍልኝ ዓይንህን አላይም" አሉኝ።

"ትንሿ ዶልፊን ከእኔ ቁመት አትበልጥም" ብለው ጀመሩ። "መርከቡን ቀድማ ስትዘል ባሕሩን የገዛችው ይመስላችኋል። ግን ዓሣ አይደለችም። እንደኛው አየር ካልሳበች ትሞታለች። አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ከሥሯ ገብተው ወደ ላይ ያነሷታል፣ እንድትተነፍስ።" ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ።

እኔም ተነሳሁ። "ወፏ ቁራሽ ዳቦ አታህልም። ሰማዩ ሁሉ የሷ ሆኖ እስረኛ መስኮት ላይ መጥታ ትዘፍናለች። ማን አስገደዳት?" ስናገር ለካ ከልቤ ወድጃታለሁ።

እጅ ሲቆጠር አሸነፍኩ። ደስም አለኝ፣ አዘንኩም። ሽማግሌው እጄን ጨብጠውኝ ወደ በራቸው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። ከንፈራቸው ጠቆረ። በሩን ደበደብን፤ የመጣ የለም። ካቦውና እኔ ከሥራቸው ገብተን በትከሻችን ወደ መስኮቷ አነሳናቸው። ወፏ በረረች። ክንዳችን ሲዝል ሌሎች ተቀበሉን፣ እነሱ ሲደክሙ ደግሞ እኛ። ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ስናወርዳቸው ወደ በሩ ሊሄዱ ሆነ።

"እዚሁ ይተኙ እንጂ" አልኳቸው።

"አላሸነፍኩም።"

"ጋሼ፣ ፍርዱ ተሽሯል" አለ ካቦው። "ያሉትን በዓይናችን አየነው። ዶልፊኗ አሸንፋለች።" ወደ እኔ ዞረ። "ይግባኝ አለህ?"

"የለኝም።"

ሽማግሌው "ቶሌ፣ እሺ" አሉና ጋቢያቸውን መስኮቷ ሥር አነጠፉ።

ዛሬም የምኖረው አዳማ ነው። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ "ሞጆ! ሞጆ!" እያለ ዶልፊኑን ሲሞላ አንዳንዴ ቆሜ አያለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ዶልፊን ግን አንድ ቀን ሆኛለሁ።