ተናኜ ወንድሟን በስሙ የጠራች ዕለት

ተናኜን ሸዋ ሮቢት የሚያውቃት በድምፅዋ ነው። እሷ ማቀንቀን ስትጀምር ራቅ ብሎ ጀውሃ ከተማ ላይ ምሳ የሚበላ የጭነት መኪና ሾፌር እጁን ሳይታጠብ ይወጣ ነበር ይባላል። ይቺ እንኳ ትንሽ ተጋንናለች። ብቻ ድምፅ ማለት እንግዲህ የእሷ ነበር።

የኪነት ቡድኑን ያቋቋመው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው አስተማሪ ጋሼ አሰግድ ነው። አንድ አሮጌ አኮርዲዮን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘው በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከመስከረም ጀምሮ ቆላውን አዳረሱት። የቆላው ሙቀት ክራሩን እያረገበ ጋሼ አሰግድን ሲያበሳጨው፣ ተናኜ እየሳቀች ያለ ክራር ትቀጥል ነበር። በአውራጃው ውድድር አንደኛ ወጡ። የቀራቸው ደብረ ብርሃን ላይ የሚደረገው የመጨረሻው ውድድር ነበር፤ እሷም ሌት ተቀን የምታስበው ደብረ ብርሃንን ብቻ ሆነ።

ሚያዝያ ላይ የእናት አገር ጥሪ መጣ። ቡድኑ በየገበያው እየዘፈነ ሚሊሻ እንዲያስነሳ ታዘዘ። ማጀቴ ላይ ሕዝቡ አጨብጭቦ፣ አጨብጭቦ ወደየቤቱ ሄደ፤ አንድ ሰው አልተነሳም። አብሯቸው የነበረው ካድሬ ተቆጣ።

«ሰው የማያስነሳ ኪነት ደብረ ብርሃን ሄዶ ምን ሊሠራ ነው? ሮቢትም እንዲህ ከሆነ ቀርታችኋል!»

ያኔ ነው ተናኜ ያንን ያሰበችው። ሽለላ ላይ በስሙ የተጠራ ወንድ በሰው ፊት ቁጭ ብሎ አይቀርም፤ ተነስቶ ይፎክራል፣ ሌላውም ይከተለዋል። ታዲያ ማንን ትጥራ? ዘውዴን፣ ታላቅ ወንድሟን፣ የእናታቸውን የእማማ እቴነሽን ብቸኛ ወንድ ልጅ! ምን ነካት ትላላችሁ? እሷ እቴ፣ ሁሉንም ጨርሳው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ማታውኑ ስሙን ከዘማቾች መዝገብ ሊሰርዝላት ቃል ገብቷል።

«ወንድምጋሼ፣ ብድግ በልልኝና ፎክር። ሌላ ምንም የለውም» አለችው።

ዘውዴ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ጉድ ታደርጊኛለሽ» አለና እሺ አላት። እምቢ ብሏት አያውቅማ።

የሮቢት የገበያ ቀን ሆነ። ሕዝቡ ጢም ብሏል። ተናኜ ጥቂት ከሸለለች በኋላ ከበሮውን በእጇ አስቆመችና፦

«ዘውዴ የናቱ ልጅ የተናኜ ወንድም፣
ሀገር ስትጣራ እቤት አይቀመጥም።»

ዘውዴ ዱላውን ይዞ ዘለለ። እየፎከረ አቧራውን ሲያጨሰው ጓደኛው ተሻለ «አለሁ ወንድሜ!» ብሎ ተከተለው። ከዚያ ማን ይቁም! ጎረምሳው እየተጋፋ ተመዘገበ። ጋሼ አሰግድ አኮርዲዮኑን እንዳቀፈ አለቀሰ። ተናኜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ማታ ሊቀመንበሩ እንደ ቃሉ የዘውዴን ስም ሰረዘ። ዘውዴ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«ተሻለ እኔን አይቶ ነው የተነሳው። ጎጆ ከወጣ ወር ያልሞላው ልጅ! እሱንም ይሰርዝልሽና እኔም እቀራለሁ። አለዚያ አብሬው ነኝ።»

ተናኜ ወጣች። ከሊቀመንበሩ በር ደርሳ ቆመች። ተሻለ ከተሰረዘ ሌላውስ ነገ ምን ይላል? ወሬው ካድሬው ጆሮ ከገባ ደብረ ብርሃን ቀረ ማለት አይደለም? ደግሞስ ዘውዴ እንዲያው በአፉ ነው፣ ሲነጋ ይበርድለታል። በሩን ሳታንኳኳ ተመለሰች።

«ለመንኩት፣ እምቢ አለ» አለችው።

ዘውዴም በማግስቱ ከተሻለ ጋር የዘማቾቹ መኪና ላይ ወጣ።

ቡድኑ ደብረ ብርሃን ሄደ፣ ዋንጫም አመጣ። ተናኜን ከፍ ላለ ቡድን ጠየቋት፤ እናቷን ትታ የት ትሂድ? በዓመቱ የዘውዴ መርዶ መጣ። እማማ እቴነሽ ልጇን አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» አላለቻትም፤ ብትላት በስንት ጣዕሙ! ከዚያ ወዲህ ተናኜ ሠርግ ላይ እንኳ አፏን ከፍታ አልዘፈነችም። ሰው ኩራት ነው ይላታል። አይ ሰው!

ተሻለ ቀኝ እጁን ኦጋዴን ጥሎ በሰባ ሁለት ተመለሰ። ሚስቱ ሌላ አግብታ ጠበቀችው። እንደመጣ ለቅሶ ሊደርስ እነ ተናኜ ቤት ገባና አልቅሶ፣ አስለቅሶ ሲያበቃ፣ እናትየው ጓዳ ስትገባ ወደ እሷ ዞረ።

«ዘውዴ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሮኛል። ለእኔ ብለሽ በሌሊት ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ ሄደሽ ለምነሽ ነበር። ሰውዬው እምቢ ቢልም፣ ያን ውለታሽን እዚያ በረሃ ሆኜ አንድ ቀን አልረሳሁትም።» በቀረችው እጁ እጇን ያዘ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተናኜ።»

ተናኜ እጇን ልታስለቅቀው ፈለገች፣ አልሆነላትም። ያ ሁሉ አገር የሰማው ድምፅ ለራሷም እንኳ ሳይሰማ፣ «አብሮ ይስጠን» አለችው።